ባለሙያዎች ሲከራከሩ መምህሩ ምን ይበል?

ከማስተማር ልምምድ በተመለስን ማግስት በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲያስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «አንዳንድ ሳይንቲስቶች አይቀበሉትም ይባላል፤ ታዲያ የቱን እንመን?» ይለዋል። እሱም ደወሉን አሳቦ አለፈው። ከፊሎቻችን «ደግ አደረገ፤ ልጆቹን ማደናገር ለምን?» አልን። የቀረነው ደግሞ «እነሱ ሳይስማሙ እኛ ምን ብለን ነው የምናስተምረው?» አልን። ረጋ ብለን ስናየው ሁለቱም ወገን ተሳስቷል።

ለምን ቢባል፣ ባለሙያዎች ተከራከሩ ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በምኑ ላይ?» የሚለው ነው። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓናል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2011 እስከ 2020 የነበረው የምድር ሙቀት ከ1850–1900ው አማካይ በ1.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መብለጡን፣ ያሞቃትም የሰው ልጅ ሥራ መሆኑን ያለማወላወል ገልጿል። በከባቢ አየር ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ በስንት ይጨምራል ለሚለው ግን የሰጠው ግምት ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ክርክሩ «ስንት?» በሚለው ላይ እንጂ «አለ ወይስ የለም?» በሚለው ላይ አይደለም።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በአፍሪካ ቀንድ ምሥራቃዊ ክፍል የበልግ ወራት ዝናብ ከ1980ዎቹ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሲቀንስ ተለክቷል፤ ብዙዎቹ የኮምፒዩተር ሞዴሎች ግን ወደፊት ይጨምራል ይላሉ። ይህ እውነተኛ ክርክር ነው፤ መደበቅም አይገባም። ነገር ግን ዝናቡ ይብዛ ይነስ ያልታወቀለት ገበሬ ለሁለቱም ይዘጋጃል እንጂ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።

የሚጠራጠርን ባለሙያም በጅምላ ማጣጣል ነውር ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ሙለር የሙቀቱን መዝገብ ተጠራጥረው ነበር። በጥርጣሬያቸው ብቻ አልቆሙም፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር መዝገቡን እንደገና መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 ሙቀቱ እውነት፣ ምክንያቱም የሰው ልጅ መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። ጥርጣሬ እንዲህ ሲሠራበት ነው የሚከበረው። «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» ይሉ የለ አበው?

ስለዚህ ተማሪዎቻችንን ሦስት ጥያቄ እናስታጥቃቸው፦ የሚከራከሩት በምን ላይ ነው? ተናጋሪው በዚህ ሙያ ሠርቷል ወይ? ማስረጃውንስ ሌሎች መርምረውታል? መምህሮቻችንም ይህን በማስተማር ዘዴ ክፍለ ጊዜ ቢያለማምዱን እንወዳለን። ጓደኛችን ሰኞ ወደዚያው ክፍል ይመለሳል። ያ ልጅ መልስ ይጠብቃልና ደወሉን ሳያሳብብ ይመልስለት።