ቁልፉ ማን ኪስ ነው?
«እኔ ሰርቨሩን ብቻ ነው የምጠግነው፤ ጠባችሁን እዚያው ጨርሱ» የሚል የጨዋታ አስተዳዳሪ ሲገጥመኝ ላምዳሙ ትዝ ይለኛል። ፓቬል ከርቲስ በካሊፎርኒያው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል የከፈተው፣ ሁሉ ነገር በጽሑፍ የሚካሄድበት ዓለም ነበር። አስተዳዳሪዎቹ፣ ባብዛኛው በጎ ፈቃደኞች፣ «ጠንቋዮች» ይባላሉ (በእኛ ጆሮ ቢከብድም እዚያ ማዕረግ ነው)። እ.ኤ.አ. በ1992 መጨረሻ ሽምግልናው ሰልችቷቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ቁልፉን ግን አላስረከቡም፤ እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ወራት ሳይቆይ አንድ ተጫዋች የሌሎችን ገጸ ባሕርያት በቃላት ደፈረ። ነዋሪው ተሰብስቦ ሲከራከር አመሸ፤ የሚወስን ጠፋ። ስብሰባው ከተበተነ በኋላ አንድ ጠንቋይ ለብቻው ገብቶ የሰውየውን መለያ ሰረዘው። አቤቱታና የድምፅ አሰጣጥ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ግን ጠንቋዮቹ ማኅበራዊ ውሳኔ ሳይወስኑ መኖር እንዳልቻሉ አምነው ወደ ዳኝነቱ ተመለሱ።