18 ሳንቲ ሜትሩ የት ገባ?

«አሻንጉሊት ባቡር ምን ያጨቃጭቃል?» እንዳትሉኝ። የእንግሊዙ ሆርንቢ ዋናው ምርቱ የእውነተኛውን ባቡር 1/76ኛ ያክላል፤ የሀዲዱ ስፋት ግን 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። እስቲ አባዙት፤ 1254 ይመጣል። የእንግሊዝ ሀዲድ ደግሞ 1435 ነው! ድሮ ሞተሩ አልገባ ስላለ አካሉን አተለቁት፤ ሀዲዱ ባለበት ቀረ። ዛሬ ሞተር አንሷል።

በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው 1/120ኛው በ12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ልክክ ይላል። የድሮውን ሲሰበስቡ የኖሩት ቅር ይላቸው ይሆናል፤ እኔ ግን አዲሱ ምርት በዚህ በኩል ይብዛ ባይ ነኝ። ደግሞ ያንኑ ዝነኛ «ፍላይንግ ስኮትስማን» እየደጋገሙ ከማውጣት ተራ የዕቃ ፉርጎና መለዋወጫ ይቅደም። ሰው በውድ የገዛው ባቡር ጥርሱ በተሰበረ አንዲት ጊር ምክንያት ለምን የመደርደሪያ ጌጥ ሆኖ ይቀራል?

(የድሮው የጅቡቲ - አዲስ አበባ ሀዲድ 1 ሜትር ነበር። እሱን የሚሠራልን ቢገኝማ!)