ተጫዋቹ ልጁ ነው ወይስ አባቱ?

አንድ ወጣት አባት እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «የ7 ዓመት ልጄን ከሰፈር ኳስ አውጥቼ ክለብ አስገባሁት። ማልያም ታኬታም ገዛሁለት። አሁን ግን ቅዳሜ ጠዋት በመጣ ቁጥር ‹ሆዴን አመመኝ› ይላል። ላስገድደው ወይስ ልተወው?»

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚነሳ የሆድ ሕመም መድኃኒቱ ፋርማሲ አይሸጥም። እኔም በልጅነቴ አባቴ ሜዳው ዳር ቆሞ ሲጮህብኝ፣ ኳሷ ወደኔ እንዳትመጣ እጸልይ ነበር። ሰፈር ውስጥ ግን በካልሲ ኳስ እስኪመሽ ብጫወት አልጠግብም።

ክለብ መጥፎ ነው አልወጣኝም። ዕድሜ አለው ነው የምልህ። ኖርዌይን የመሰለች በስፖርት የታወቀች አገር እንኳ ልጆች 13 ዓመት እስኪሆናቸው ብሔራዊ ሻምፒዮና አታወዳድራቸውም፤ ከ11 ዓመት በታች ላሉትም የደረጃ ሠንጠረዥ አይወጣም።

እስቲ ዛሬ ማታ «ስንት አገባህ?» ማለቱን ተውና «ደስ ብሎሃል ወይ?» በለው። ሰፈሩ ከናፈቀው መልሰው። ክለቡ ከዓመታት በኋላም ይደረስበታል። አንዴ ኳስ ያስጠላውን ልጅ መመለስ ግን ጭንቅ ነው።