ምድጃው ብቻ ሳይሆን መስመሩም ይታይ

«በኮንዶሚኒየም የጋራ ማብሰያ ቤት የማገዶ ምድጃ ይቅር፤ ሁሉም በኤሌክትሪክ ምጣድ ይተካ» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ስለ ጭሱ ያሉት እውነት ነው፤ ስሌቱን ግን ዘለሉት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። በበዓል ዋዜማ አራት እናቶች እኩል ቢጥዱ 64 አምፔር! ይህን የትኛው ቆጣሪ ይችለዋል? መብራት ሲጠፋስ የቦካው ሊጥ ማንን ይጠብቃል?

ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶን በግማሽ ያህል የሚቆጥበው ምርጥ ምድጃ፣ ጭስ ማውጫ ተበጅቶለት ከምጣዱ ጎን ይቀመጥ። ለምጣዱም የራሱ መስመር ይዘርጋለት። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ መስመሩ ሳይታሰብ ምድጃ መቀየርም ትርፉ ሊጥ ማኮምጠጥ ነው።