ኔት ሲጠፋ የማይጠፋ ጌም

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 «ዲያብሎ 4» ለገበያ ሲቀርብ አንድ የማይታለፍ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ተጫዋቹ ብቻውን ቢጫወትም እንኳ ኢንተርኔት ከሌለው ጌሙ አይሠራለትም። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልልም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠና ለወራት ሳይመለስ ቆየ። በዚያ ጊዜ ስለ ጌም ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነጋዴው ገንዘብ በስልክ ማንቀሳቀስ ተስኖት፣ ተማሪው ማመልከቻ መላክ አቅቶት ነበር። ምሽቱ ግን ረጅም ነበር፤ ከቤት መውጣትም እንደ ልብ አልነበረም። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ብዙዎቹን ምሽቶች ያሳለፍኩት ከዚያ 23 ዓመት ቀድሞ በወጣው «ዲያብሎ 2» ነው።

አንድን ጌም የሚያስረጀው የምስሉ መደብዘዝ ነው ሲባል እሰማለሁ። በእኔ እምነት ጌምን የሚገድለው ከተጫዋቹ እጅ ወጥቶ በሌላ ሰው ፈቃድ ሥር መውደቁ ነው። ለዚህ ከዲያብሎ 2 የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2000 ነው። የሠራው ሳን ማቴዎ፣ ካሊፎርኒያ የነበረው ብሊዛርድ ኖርዝ ሲሆን ከመሪዎቹ መካከል ዴቪድ ብሬቪክ፣ ማክስ ሼፈርና ኤሪክ ሼፈር ይገኙበታል። በሦስት ሲዲ ነው የተሸጠው። 32 ሜጋ ባይት ራም ይበቃዋል፤ ዛሬ ኪሳችን ያለው ርካሽ ስልክ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ምስሉ 640 በ480 ነበር፤ በዓመቱ የመጣው «ሎርድ ኦፍ ዲስትራክሽን» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ወደ 800 በ600 አሳደገው። ዘውጉ አክሽን ሮል ፕሌይንግ ይባላል። ተጫዋቹ አንድ ጀግና ይመርጣል፣ ጠላት በገደለ ቁጥር ልምድ ያካብታል፣ ሌቨል ይወጣል፣ ያገኘውን ጥሩርና ሰይፍ ይለብሳል ይታጠቃል፣ ወደ ባሰው ይዘልቃል።

እኛ ጋ የደረሰው በጌም ቤት በኩል አይደለም። ጌም ቤት ሁልጊዜም የፕሌይስቴሽን እግር ኳስ ግዛት ነው፤ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ወረፋው ይቀጥላል። ሠላሳና አርባ ሰዓት የሚፈጅ ጌም እዚያ ቦታ የለውም። ዲያብሎ 2 የመጣው በሃርድ ዲስክ ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አባይ በረሃን ተሻግሮ፣ በተማሪ ሻንጣ ውስጥ ይመጣል፤ ከዚያ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በፍላሽ ይገለበጣል። ኮፒ መሆኑን አልሸፋፍንም። የሠሪዎቹ ላብ አልተከፈለም፤ ይህ ትክክል ነው ብዬም አልከራከርም። ለመክፈል ለሚፈልገውም ቢሆን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ ማግኘት ለአብዛኛው ወጣት የማይታሰብ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ስመለስበት ያልጠበቅሁትን አገኘሁ። ጌሙ ትዝታ ሊቀሰቅስብኝ ነው ብዬ ከፍቼው ነበር፤ አዲስ ሥራ ሰጠኝ። ምክንያቱ አሠራሩ ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ጀግና ሜዳውና ዋሻው እንደገና ይነደፋል። የመጀመሪያው ተልእኮ የሚፈጸምበት ዋሻ አንዴ ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ ሌላ ጊዜ ሜዳውን ሙሉ ያዞራል። ከጭራቆቹ የሚወድቀውም ዕቃ በዕጣ ነው። ጎጃም ላደገ ሰው ይህ ነገር ባዕድ አይሆንበትም። የዋሸራ ወይም የጎንጅ የቅኔ ተማሪ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ አይደግምም። የሰዋስው ሕጉ ያው ነው፣ ምጣኔው ያው ነው፣ ቅኔው ግን በየቀኑ ይፈጠራል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ሲሄድም ያንኑ ሕግ ይዞ ነው የሚከብድበት። ዲያብሎ 2ም ኖርማል፣ ናይትሜርና ሄል በሚባሉ ሦስት እርከኖች ያንኑ ታሪክ ሦስት ጊዜ ያስኬዳል፤ በሦስተኛው ላይ የሚደርሰው ሰው በመጀመሪያው ላይ የነበረው ሰው አይደለም።

የጀግናውን ቦርሳ ልብ ብሎ ላየው ሰው የጌሙ ጥበብ ሁሉ እዚያ ይገለጥለታል። ዐሥር በአራት፣ በጠቅላላው 40 ሳጥን ብቻ ነው ያለው። አንድ ጥሩር ስድስት ሳጥን ይይዛል። ሆራድሪክ ኪዩብ የምትባለው ሣጥን አራት ቦታ ትወስድና በውስጧ 12 ትሰጣለች። ክታቦችም አሉ፤ ክታብ የሚሠራው ግን ቦርሳ ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ኃይል የጨመረ ሰው የሚሸከመውን ይቀንሳል፤ ብዙ መሸከም የፈለገ ኃይሉን ይተዋል። ወደ ሰፈር የሚመልሰው ጥቅልል እንኳ ቦታ ይፈልጋል። ልጅ ሳለሁ ይህ ጥበት ያናድደኝ ነበር። አሁን ሳየው ተጫዋቹን በየደቂቃው የሚያስመርጠው ይህ መሆኑ ይገባኛል። በኋላ የወጡ ብዙ ጌሞች ቦርሳውን አሰፉት፤ ምርጫውም አብሮ ሳሳ።

ሌላው ከባድ ምርጫ ነጥብ አከፋፈሉ ላይ ነው። ጀግናው አንድ ሌቨል በወጣ ቁጥር ለጉልበት፣ ለቅልጥፍና፣ ለጤናና ለአስማት ኃይል የሚከፋፈል አምስት ነጥብ፣ ለሙያ ደግሞ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። ያወጣው ነጥብ እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ አይመለስም ነበር፤ በዚያ ዓመት የመጣው 1.13 ማሻሻያ ነው በየእርከኑ አንድ ጊዜ ማስተካከል የፈቀደው። ያ የቀድሞው ጭካኔ ጥሩ ነበር የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሄል ላይ እሳት ፈጽሞ የማይነካቸው ጭራቆች አሉ፤ ነጥቧን ሁሉ እሳት ላይ ያዋለች ሶርሰረስ የተባለች አስማተኛ ጀግና እዚያ ስትደርስ፣ ብቻዋን ከሆነች መንገድ ይዘጋባታል። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ማንም የለም። የብዙ ሳምንት ድካምን በማይታወቅ ሕግ መቅጣት ፈተና ሳይሆን በደል ነው። ሦስት የእርማት ዕድል ልክ ነው፤ ምርጫው ክብደቱን ሳያጣ ላላወቀ ሰው በር ይከፍታል።

«ሩን» የሚባሉ አስማታዊ ድንጋዮች በቅደም ተከተል ሲሰኩ የሚፈጥሯቸው የሩን ቃላትም እንዲሁ ተደብቀዋል። ታልና ኤዝ የሚባሉትን ሩኖች በዚህ ቅደም ተከተል ሁለት ቀዳዳ ባለው ጥሩር ላይ ቢሰኳቸው «ስቴልዝ» የተባለ ልብስ ይሆናል፤ ይህን ጌሙ ራሱ አይናገርም። ኢንተርኔት ያለው ሰው ፈልጎ ያነባል። ኔት በጠፋበት ወራት እኔ የተማመንኩት በድሮ የደብተር ገጽ ላይ በጻፍኩት ዝርዝር ነው። ይህ የጌሙ ጉድለት ነው፤ እውቀቱን ከራሱ ውጭ አስቀምጦታል።

የማት ዩልመን ሙዚቃ ግን አልጎደለበትም። ትሪስትራም የተባለችው ከተማ ተቃጥላ፣ ሽማግሌው ዴካርድ ኬን በብረት ቀፎ ውስጥ ተሰቅሎ ሲገኝ ያ የጊታር ድምፅ ይሰማል፤ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶም ሰውነትን ይነካል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ዲያብሎ 2 ሲወጣ ሁለት ዓይነት ጀግና ነበረው። ባትል ኔት በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ከሌሎች ጋር የሚጫወተው ጀግና በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ብቻውን የሚጫወተው በተጫዋቹ ኮምፒውተር ላይ። ማጭበርበርን ለመከላከል ኢንተርኔት ግዴታ ነው የሚለው የዛሬ ክርክር እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2000 ተሠርቶ ነበር። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ማሻሻያ ሲዲውን ማስገባት ራሱ አስቀረ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 «ዲያብሎ 3» ሲመጣ ግን ኮምፒውተር ላይ ብቻውን የሚጫወተውም ሰርቨር እንዲጠብቅ ተደረገ፤ በመጀመሪያው ቀን የከፈሉ ሰዎች «ኤረር 37» የሚል ጽሑፍ ፊት ተኮልኩለው ዋሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 «ዲያብሎ 2 ሪዘሬክትድ» በአዲስ ምስል መጣ፤ በአንድ ቁልፍ ወደ ድሮው መልክ መመለስ ይቻላል፤ ይህ ለቀደመው ሥራ የተሰጠ ክብር ነው፣ ደስ ይላል። ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት ለመጫወትም በየ30 ቀኑ አንድ ጊዜ መገናኘት ይጠይቃል። እዚህ ክልል ኔት ጠፍቶ የከረመው ከ30 ቀን በብዙ እጥፍ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ውድድር ጌም ሰርቨር ሲዘጋ፣ ገንዘባቸውን የከፈሉ ሁሉ ጌሙን አጡ። ከዚያ የተነሣው «ጌም መግደል ይቁም» የተባለ ዘመቻ በአውሮፓ ኅብረት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል። የሚጠይቀው ቀላል ነው፦ ኩባንያው ጌሙን ሲተው ሊሠራ በሚችልበት ሁኔታ ይተወው። ፓሪስ ያለ ተጫዋች ይህን አደጋ ያወቀው ሰርቨር ሲዘጋበት ነው፤ ደብረ ማርቆስ ያለው ሰርቨሩ እየሠራም መስመሩ ሲዘጋበት አውቆታል።

በአገራችን ጌም የሚሠሩ ወጣቶች መኖራቸው ለዚህ ጉዳይ ሌላ ክብደት ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን እ.ኤ.አ. በ2018 ለስልክ አውጥቷል። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦሪዮን» በሚል ስም በአፍሪካ ተረትና ባህል የተቃኘ አክሽን ሮል ፕሌይንግ ጌም ከያውንዴ ሠርቶ አሳይቷል። አንድ ቀን ከእኛም መካከል እንዲህ ያለ ረጅም ጌም የሚሠራ ይነሣል። ያ ሰው የጀግናውን ፋይል የት እንደሚያስቀምጥ የሚወስነው በሥራው የመጀመሪያ ወር ነው፤ ፋይሉ በተጫዋቹ ስልክ ላይ እንዲቀመጥ፣ የሩን ቃላቱ ዓይነት ምስጢርም ጌሙ ውስጥ እንዲጻፍ እለምነዋለሁ።