አስረው «ሩጥ» ይሉታል

እንግሊዝ አገር ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ የሆም ኦፊስን (የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩን) ውሳኔ የሚጠብቅ ጥገኝነት ጠያቂ በሳምንት 9 ፓውንድ ከ95 ሳንቲም ይሰጠዋል (ሒሳቡ የ2025 ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ.)። ምግቡን ሆቴሉ ስለሚያቀርብ ይህቺ የኪስ ገንዘቡ መሆኗ ነው። ከለንደን ውጭ የአውቶቡስ ዋጋ ለአንድ ጉዞ እስከ 3 ፓውንድ ይደርሳል። ልጁ አንድ ቀን ከተማ ወጥቶ ከተመለሰ 6 ፓውንዱ አለቀች። በቀረችው ወይ ስልኩን ይሙላ፣ ወይ ሳሙና ይግዛ። አገሩን፣ ሰዉን፣ ቋንቋውን የሚለምደው እንግዲህ በዚህቺ ነው።

ሳንቲም የምቆጥረው ወድጄ አይደለም። በእንግሊዝ አደባባይ ከግራም ከቀኝም የሚሰማው ክስ «መጤዎቹ ከእኛ ጋር አይዋሃዱም» የሚል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር ራሳቸው በሜይ 2025 አገራቸው «የባዕዳን ደሴት» እንዳትሆን እንደሚሰጉ ተናገሩ። ወር ከግማሽ ገደማ ቆይተው በንግግሩ ተጸጸትኩ አሉ። ደግ አደረጉ፤ ባዕድ የሚያመርተው ሕግ ግን ከነሙሉ ጤናው እዚያው አለ።

ጥገኝነት ጠያቂ እንዲሠራ አይፈቀድለትም። 12 ወር ጠብቆ፣ የዘገየውም በእሱ ጥፋት እንዳልሆነ ታይቶ፣ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ያም ቢሆን መንግሥት በዘረዘራቸው ሙያዎች ብቻ። ዕቃ አጠባው፣ ጽዳቱ፣ መጋዘኑ፣ ማለትም አዲስ ገቢ በየትም አገር «ሀ» ብሎ የሚጀምርበት ሥራ፣ ዝግ ነው። እኛ እንግሊዝኛ የት እንደሚለመድ እናውቃለን፦ ኩሽና ውስጥ፣ አለቃ እየጮኸብን፣ አጠገባችን ያለው ፖላንዳዊ እየሳቀብን። ክፍል ተዘግቶበት ጣሪያ የሚያይ ሰው ከማን ጋር ይዋሃድ? ከጣሪያው ጋር?

የከልካዮቹ መልስ አንድ ነው፤ ሥራ ከተፈቀደ ከፈረንሳይ ባሕሩን እያቋረጠ ስደተኛ የሚያመጣው ጀልባ ይበዛል ይላሉ። ከስድስት ወር በኋላ መሥራት ይፈቀድ የነበረው የቆየ አሠራር የቀረው በ2002 ነው። ክልከላው እንዳለ ሆኖ በ2018 በትንንሽ ጀልባ 299 ሰው ተሻገረ፤ በ2022 ከ45 ሺህ በላይ። መድኃኒቱ የሚያሽር ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ባየነው ነበር።

ወደ ኢፒንግ ልምጣ፤ የእኛን ሰው አንገት ያስደፋው ጉዳይ እዚያ ነውና። ኢፒንግ የለንደን ምድር ባቡር ሴንትራል ላይን የሚያበቃባት ትንሽ የኤሴክስ ከተማ ናት። በጁላይ 2025፣ በጀልባ ከገባ ሁለት ሳምንት እንኳ ያልሞላው ኢትዮጵያዊ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጸመ። በሴፕቴምበር የ12 ወር እስራት ተፈረደበት። የልጅቷ ወገኖች ቁጣ አያከራክርም፤ ለሴት ልጆቻቸው ፈርተው ሰውዬው ያረፈበት ሆቴል ደጅ የቆሙ እናቶችን ሁሉ «ዘረኛ» ብሎ ማሸማቀቅም ነውር ነው። ግን ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነበር። ቁጣው ከአንዱ ሰው ተነሥቶ እዚያው ሆቴል ወዳሉት ከመቶ በላይ ወንዶች፣ ከዚያም በየከተማው ወዳሉ ሆቴሎች ተዛመተ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ይባስ ነበር። ሳውዝፖርት በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሦስት ሕፃናት ሲገደሉ ገዳዩ በጀልባ የመጣ ስደተኛ ነው ተብሎ ተወራ። ገዳዩ የተወለደው ካርዲፍ፣ ዌልስ ነው። ቢሆንም ሮዘራም ከተማ አጠገብ ከ200 በላይ ጥገኝነት ጠያቂ ያለበት ሆቴል እሳት ተለቀቀበት።

የኢፒንግ ምክር ቤት ሆቴሉን ለማስዘጋት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲሄድ የያዘው ክርክር ምን መሰላችሁ? ሕንፃው ያለ ፈቃድ ከሆቴልነት ወደ ሌላ አገልግሎት ተለውጧል የሚል። በኦገስት ለጊዜው ተፈረደለት፣ በአሥር ቀኑ ይግባኝ ሰሚው ሻረው። ከተማ ሙሉ በሴት ልጆች ደኅንነት ሲጮህ፣ ችሎቱ ላይ የተሟገቱት ስለ ሕንፃ ነው።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። ወሬው እንደተሰማ በየቡናው የተጠየቀው «የየት ብሔር ነው?» ነበር። ፈረንጁ ሁላችንን በአንድ ጥፋት ሲደርበን «ግፍ ነው» እንላለን፤ ያንኑ ግፍ ጠበብ አድርገን ለጎረቤታችን እናሸክመዋለን።

ገንዘቡስ? የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2025 እንዳወጣው፣ የጥገኝነት ጠያቂ መኖሪያ ውሎች በአሥር ዓመት 15.3 ቢሊዮን ፓውንድ ይፈጃሉ፤ ሲጀመር የተገመተው 4.5 ቢሊዮን ነበር። ያ ሁሉ ቢሊዮን የሚሄደው ለአከራይና ለኮንትራክተር ነው። ተቃዋሚው የሚጮኸው ግን 9 ፓውንድ ከ95 በሚቀበለው ልጅ መስኮት ሥር ነው።

በኖቬምበር 2025 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሻባና ማህሙድ አዲስ ዕቅድ አቀረቡ። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ፈቃዱ በየሁለት ዓመት ተኩሉ ይመረመራል፤ በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ከሆነ ቋሚ መኖሪያ የሚጠይቀው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ዕቅዱ እንዳለ ከጸና፣ በ22 ዓመቱ ከጀልባ የወረደ ወጣት ያንን ማመልከቻ የሚሞላው 42 ዓመት ሲሆነው ነው።