ቀላል የአደን ጠመንጃ ስለ መምረጥ

ተራራ ለተራራ ለሚያድን ሰው ጠመንጃው ቢቀለው መልካም ነው፤ ቀኑን ሙሉ በትከሻው ይውላልና። ነገር ግን ጠመንጃ በቀለለ መጠን ሲተኮስ ትከሻን አብልጦ ይመታል። ምቱን የፈራ ሰው ምላጩን ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ አውሬውም ቆስሎ ያመልጥና በሥቃይ ይሞታል። ስለዚህ ቀላል ጠመንጃ የመረጠ ሰው ጥይቱንም ለዘብ ያለውን ይምረጥ። በ1903 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኦስትሪያ አገር የወጣው፥ እጀታው በእጅ እየተሳበ የሚጎርሰው ማንሊኸር ሸናወር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ ክብደቱ 3 ኪሎ ያህል፥ የጥይቱ ውፍረት 6.5 ሚሊሜትር ሲሆን ምቱ ለዘብ ያለ ነው።

ሰደፉም በባለቤቱ ክንድ ልክ ይሁን፤ ሲረዝም ከልብስ ጋር ይጠላለፋል፥ ሲያጥር አውራ ጣት አፍንጫን ይመታል። ማነጣጠሪያ መነጽር ካለው ብሎኖቹ ጠብቀው ይታሰሩ። ከዚያ በኋላ ጠመንጃውን አስደግፎ በ100 ሜትር ርቀት ሦስት ሦስት ጥይት እየተኮሱ ማስተካከል ይገባል። ይህም ለአደን በሚወሰደው ጥይት ይሁን፤ የጥይቱ ዓይነት ሲለወጥ የሚያርፍበት ስፍራም ይለወጣልና።

አንባቢ ሆይ፥ ከአደን ሲመለሱ ጥይት አለመቅረቱን በዓይንም በጣትም ይመርምሩ፤ ጠመንጃውንና ጥይቱን በየብቻቸው ይቈልፉ። ልጅ ባለበት ቤት ከሁሉ የሚበልጠው ዝግጅት ይህ ነው።